የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ፦ ግራመር፣ ቃላትና ንባብ ደረጃ በደረጃ እንዴት ልለማመድ?

ብዙ ተማሪ እንግሊዝኛ ያጠናል እንጂ አይለማመድም። የግራመር ሕጉን ይሸመድዳል፤ ከቴሌግራም ያወረደውን ያለፉት ዓመታት ጥያቄ ከመልስ ቁልፉ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል፤ «ይሄን አውቀዋለሁ» እያለ ያልፋል። ሞዴል ፈተና ላይ ያው ጥያቄ አንድ ቃል ተቀይሮለት ሲመጣ ይጠፋበታል።

ጉዳቱ በአንድ ትምህርት አያበቃም። የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም፣ የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ጥያቄውን አንብቦ አለመረዳት አንዱ ነው፤ እሱን ደግሞ በልምምድ ማስተካከል ይቻላል።

ከዚህ በታች ያሉትን የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች በፊደላችን በድምፃቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ስፔሊንግ እየጻፋችሁ ተከተሉ፤ ስፔሊንጉም አብሮ ይለመዳል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አሟሉ፦

- ሁለት ደብተር። አንዱ ለስህተት፣ ሌላው ለቃላት።
- ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት። አጋዥ መጽሐፍ ባይኖራችሁ ችግር የለም፤ የምትለማመዱባቸው ፓሴጆች በየምዕራፉ አሉ።
- ከዚህ በፊት ያልሠራችኋቸው ቢያንስ ሦስት የቀድሞ ፈተናዎች።
- ሰዓት፣ እርሳስ፣ ላጲስ።
- ትርጉሙን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት። ስልክ ላይ ከሆነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ጫኑ።

የመልስ ቁልፉን ለእህታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ስጡና ሠርታችሁ ስትጨርሱ ተቀበሉ። እጃችሁ ላይ ካለ ማየታችሁ አይቀርም።

ተጠንቀቁ፦ በስልክ የሚዘዋወሩ የመልስ ቁልፎች ውስጥ የተሳሳቱ መልሶች አሉ። ቁልፉ ከእናንተ መልስ ጋር ካልተስማማና ምክንያቱ ካልገባችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። ጥያቄውን ክበቡት፣ የግራመር ርዕሱን ከመማሪያ መጽሐፉ አረጋግጡ፣ ካልተፈታ ለመምህራችሁ አሳዩ። አንድ የተሳሳተ ቁልፍ በትክክል የምታውቁትን ሕግ ሊያስጥላችሁ ይችላል።

ደረጃ 1፦ የት እንደምትወድቁ እወቁ

አንዱን ፈተና ውሰዱ። በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሞልታችሁ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ ሳትነሱ ሥሩ። ስትሠሩ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ከሦስቱ ምልክቶች አንዱን አድርጉ፦ እርግጠኛ ከሆናችሁ «እ»፣ ከሁለት ምርጫ መካከል ከተጠራጠራችሁ «ጥ»፣ ከገመታችሁ «ግ»።

ሲታረም ውጤቱን ብቻ አትቁጠሩ። የሚከተለውን ፈልጉ፦

1. «እ» ብላችሁ የሳታችሁት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ የተሳሳተ ሕግ ጭንቅላታችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው። ልምምዳችሁ ከዚህ ይጀምር።
2. «ጥ» ብላችሁ የሳታችሁት። ሕጉን በከፊል ታውቁታላችሁ፤ የሚለየውን ነጥብ ግን አታውቁም።
3. «ግ» ብላችሁ ያገኛችሁት። ነጥብ ቢሰጣችሁም እንደ ስህተት ቁጠሩት።

ከዚያ ስህተቶቹን ግራመር፣ ቃላት፣ ንባብ፣ ዲያሎግ፣ የዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል እያላችሁ ከፋፍሏቸው። አብዛኛው ተማሪ «ግራመር ይከብደኛል» ይላል፤ ሲቆጠር ግን ብዙውን ነጥብ የጣለው ንባብ ላይ ሆኖ ይገኛል። ጊዜያችሁን በስሜት ሳይሆን በዚህ ቆጠራ ደልድሉ።

ደረጃ 2፦ የስህተት ደብተር

ለሳታችሁት ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ነገር ጻፉ፦ ሙሉው ዐረፍተ ነገር ከትክክለኛው መልስ ጋር፣ እናንተ የመረጣችሁት፣ መልሱን የሚያሳውቀው ቃል፣ በመጨረሻም በዚያው ሕግ ራሳችሁ የሠራችሁት አዲስ ዐረፍተ ነገር።

አንድ ገጽ ይህን ይመስላል፦

- ዐረፍተ ነገሩ፦ «ባይ ዘ ታይም ዊ አራይቭድ፣ ዘ በስ ሃድ ሌፍት»
- የመረጥኩት፦ «ሃዝ ሌፍት»
- ጠቋሚው፦ «ባይ ዘ ታይም» እና «አራይቭድ»። መድረሳችን ያለፈ ነው፤ አውቶቡሱ የሄደው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።
- የራሴ፦ «ባይ ዘ ታይም ማይ ማዘር ኬም ሆም፣ አይ ሃድ ፊኒሽድ ማይ ሆምወርክ»

አራተኛውን መስመር የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። አትዝለሉት። ዐረፍተ ነገሩን ራሳችሁ መሥራት ካልቻላችሁ ሕጉ ገና አልገባችሁም።

*ካልሆነላችሁ፦* ጠቋሚውን ቃል ማግኘት ካቃታችሁ ምርጫዎቹን ሸፍናችሁ ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ሁለት ጊዜ አንብቡ። የጊዜ ቃል፣ ማያያዣ ቃል፣ ከባዶው ቦታ በፊትና በኋላ ያለው ግስ የት አለ? ከእነዚህ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዟል።

ደረጃ 3፦ ግራመር

*ቅደም ተከተል።* በአንድ ጊዜ አንድ ርዕስ ያዙ። በቴንስ ጀምሩ፤ ያለ እሱ ኮንዲሽናሉም፣ ፓሲቩም፣ ሪፖርትድ ስፒቹም አይቆምም። ከዚያ ኮንዲሽናል፣ ፓሲቭ፣ ሪፖርትድ ስፒች፣ ሪሌቲቭ ክሎዝ፣ ማያያዣ ቃላት እያላችሁ ሂዱ። ፕሪፖዚሽንን እንደ ርዕስ አታጥኑት፤ ቃላት ደብተራችሁ ላይ ከግሱ ወይም ከቅጽሉ ጋር ይመዝገብ።

*አሠራር።* ለእያንዳንዱ ርዕስ፦

1. ሕጉን ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ጊዜ አንብቡ። ከ15 ደቂቃ አይብለጥ።
2. መጽሐፉን ዝጉና አምስት ዐረፍተ ነገር ስለ ራሳችሁ ሕይወት ጻፉ፦ ስለ ሰፈር፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ትምህርት ቤት።
3. መጽሐፉን ከፍታችሁ አርሙ።
4. በዚያ ርዕስ ከ10 እስከ 15 ጥያቄ ሥሩ።
5. ከሠራችሁት ውስጥ ሦስቱን ጥያቄ ለውጧቸው።

አምስተኛው ላይ ላብራራ፤ ሽምደዳን የሚሰብረው እሱ ነውና። ከላይ ያለውን «ባይ ዘ ታይም ዊ አራይቭድ» ውሰዱ። «አራይቭድ» የሚለውን «አራይቭ» አድርጉትና መልሱ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። አሁን ነገሩ ወደ ፊት ሄደ፤ ስለዚህ «ዊል ሃቭ ሌፍት» ይሆናል። አንድ ፊደል ጠቋሚውን ለወጠ፣ ጠቋሚው መልሱን ለወጠ። ፈታኞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ጥያቄው አዲስ አይሆንባችሁም።

*በአማርኛ ስለምናስብ የምንስታቸው።* እነዚህን ለብቻ ገጽ ስጧቸው፤ ከየምርጫው መሐል አንዱ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ወጥመድ ነው።

- «ምንም እንኳ ቢታመምም ግን መጣ» ማለት በአማርኛ ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» አይኖርም፤ «ቢኮዝ» ካለም «ሶ» አይኖርም።
- «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል ግሱ መጨረሻ ላይ «ት» አለች። እሷን ተከትለን «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» እንላለን። «ኢት» ይውጣ።
- «የት እንደምኖር ጠየቀኝ» የሚለው «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ነው። «ዌር ዲድ አይ ሊቭ» ብሎ የጥያቄ ቅርጽ መያዝ ስህተት ነው።
- «ሲመጣ እነግረዋለሁ» ለማለት ከ«ዌን» ቀጥሎ «ዊል» አይገባም፦ «ዌን ሂ ከምዝ፣ አይ ዊል ቴል ሂም»። ከቅድመ ሁኔታው «ኢፍ» ቀጥሎም እንዲሁ።
- «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስንል «ስለ» ስላለ «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ብቻውን ይበቃዋል። «ከእሱ ጋር ተጋባች» የሚለውም «ሺ ጎት ሜሪድ ቱ ሂም» ነው፤ «ጋር» ስላለ «ዊዝ» አይገባም።
- «ሰለቸኝ» ለማለት «አይ አም ቦርድ»። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው እኔ አሰልቺ ነኝ ማለቱ ነው።

ዲያሎግ ላይ ደግሞ አንድ የተለየ አለ። «ቡና አትወድም?» ሲባል እኛ «አዎ፣ አልወድም» ልንል እንችላለን። በእንግሊዝኛ «የስ» ካላችሁ የሚከተለው አዎንታዊ፣ «ኖ» ካላችሁ የሚከተለው አሉታዊ ነው፦ «ኖ፣ አይ ዶንት»። «የስ፣ አይ ዶንት» የሚል ምርጫ ካያችሁ ወዲያው ሰርዙት።

*ካልሆነላችሁ፦* አንድን ርዕስ ሠርታችሁ ከ15ቱ ከ10 በታች ካገኛችሁ ወደ ሚቀጥለው አትሂዱ፤ ያንኑ ጥያቄም ደግማችሁ አትሥሩ፣ መልሱን አስታውሳችሁ ትሞሉታላችሁና። በዝቅተኛው ክፍል መጽሐፍ ያንኑ ርዕስ ፈልጉ። የ12ኛው ኮንዲሽናል ያልገባው ተማሪ ብዙ ጊዜ መንገዱ የሚገለጥለት በ9ኛው ነው። በዚህ ማፈር አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ቃላት

ከዝርዝር አትሸምድዱ። «ኢሹ ማለት ጉዳይ» ብሎ የያዘ ተማሪ፣ ቃሉ በጋዜጣ «እትም»፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ «መስጠት፣ ማውጣት» ሆኖ ሲመጣ ይሳሳታል። ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ ያዙ።

1. በቀን ስምንት ቃል በቂ ነው። ያነበባችሁት ፓሴጅ ውስጥ ካሉት ምረጡ፤ በሌላ ትምህርት መጽሐፍ ላይም የምታዩአቸውን አስቀድሙ። «ኢንክሪዝ»፣ «አፌክት»፣ «ሪኳየር»፣ «ኮንሲስት» የመሳሰሉት በባዮሎጂም በጂኦግራፊም ነጥብ ያስገኛሉ።
2. ለእያንዳንዱ የተገኘበትን ዐረፍተ ነገር፣ አጭር ትርጉሙን፣ ቤተሰቡንና አብሮት የሚሄደውን ቃል ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ዲሳይድ» ግስ፣ «ዲሲዥን» ስም፣ «ዲሳይሲቭ» ቅጽል፤ «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ይባላል፣ «ዱ ኤ ዲሲዥን» አይባልም።
3. በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ትርጉሙን ሸፍናችሁ ራሳችሁን ፈትኑ። የጠፋባችሁ ቃል እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

*ከዐውድ መገመት።* ፈተና ላይ መዝገበ ቃላት የለም። ስለዚህ ቃሉን ባታውቁትም ወደ ትርጉሙ የመቅረብን ዘዴ ተለማመዱ። «ዘ ፋርመርዝ ወር ሪላክታንት ቱ ሊቭ ዜር ላንድ፤ ኢቭን አፍተር ዘ ፍለድ፣ ሜኒ ሪፊዝድ ቱ ጎ» የሚል ብታገኙ «ሪላክታንት» የሚለውን በጣት ሸፍኑት። ቀጥሎ «ኢቭን አፍተር» እና «ሪፊዝድ» አሉ፤ ከጎርፉ በኋላም ብዙዎች እምቢ አሉ። እንግዲህ የተሸፈነው ቃል አለመፈለግን የሚያሳይ ነው። አሁን ወደ ምርጫዎቹ ሂዱና እያንዳንዱን በቦታው ተክታችሁ አንብቡ።

ተጠንቀቁ፦ ከምርጫዎቹ አንዱ የቃሉ እውነተኛ ትርጉም ሆኖ እዚህ ቦታ ላይ ግን የማይሠራ ሊሆን ይችላል። ቃሉን የምታውቁት ቢሆንም ተክታችሁ ሳታነቡ አታጥቁሩ።

ደረጃ 5፦ ንባብ

እዚህ ላይ በርትታችሁ ሥሩ፤ ለውጡ ወደ ሌሎቹ ትምህርቶች የሚሻገረው ከዚህ ነው።

*የጽሑፍ ምርጫ።* ከጽሑፉ 100 ቃላት ቁጠሩ። የማታውቁት ከ5 ከበለጠ ለዕለት ንባብ ከብዷችኋል፤ ዝቅ ያለ ፈልጉ። በመማሪያ መጽሐፉ ፓሴጆች ጀምሩ፣ ሲቀላችሁ ወደ እንግሊዝኛው ጋዜጣ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ አጫጭር ዜናዎች እለፉ። አዲስ ፎርቹን የተባለው ሌላው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ቋንቋው ይከብዳል፤ እሱን በኋላ ድረሱበት። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ሳይቋረጥ።

*ፓሴጅ ሲሠራ።*

1. ርዕሱንና የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቡ። ስለ ምን ነው?
2. የጥያቄዎቹን ግንድ ብቻ እዩ። ምርጫዎቹን አታንብቡ፤ ከአራቱ ሦስቱ ውሸት ስለሆኑ ፓሴጁን ሳታውቁት ያሳስቷችኋል።
3. ሙሉውን አንድ ጊዜ አንብቡ። አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ጎኑ ላይ በሦስት አራት ቃል ሐሳቡን ጻፉ።
4. «ሃውኤቨር»፣ «ኦን ዘ አዘር ሃንድ»፣ «ዴርፎር» ያሉትን ክበቡ። ሐሳቡ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው፤ ጥያቄም ከዚያ ይወጣል።
5. ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ መስመሩ ተመለሱ። ጣታችሁን መልሱ ላይ ሳታሳርፉ አትምረጡ።
6. «ዋናው ሐሳብ» ወይም «ተስማሚው ርዕስ» የሚለውን በመጨረሻ ሥሩት።

*አንድ ጥያቄ በቅርበት።* አንድ ፓሴጅ እንዲህ ይላል እንበል፤ ሐሳቡን በአማርኛ ላስቀምጠው፦ «ዘመናዊ ቀፎ ከባህላዊው የበለጠ ማር ይሰጣል። ሆኖም በብዙ ቦታ ያሉ ንብ አናቢዎች ባህላዊውን አልተዉም፤ ዘመናዊው ዋጋው ውድ ነው፣ አያያዙም ሥልጠና ይፈልጋል።» ጥያቄው፦ ንብ አናቢዎቹ ባህላዊውን ቀፎ ያልተዉት ለምንድን ነው?

- ሀ. ባህላዊው ብዙ ማር ስለሚሰጥ። ይህ ተቃራኒ ነው፤ ቃላቱ ከፓሴጁ ስለተወሰዱ ቸኩሎ ያነበበ ይመርጠዋል።
- ለ. ስለ ዘመናዊው ቀፎ ስላልሰሙ። ይህ አልተባለም። በሕይወት እውነት ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን የምትጠየቁት ጸሐፊው ያለውን ነው።
- ሐ. ማንኛውም አርሶ አደር ቀፎ መግዛት ስለማይችል። ይህ የተጋነነ ነው። «ኦል»፣ «ኔቨር»፣ «ኦንሊ»፣ «ኦልዌይዝ» ያለበትን ምርጫ ከመስመሩ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሩ።
- መ. ወጪና ዕውቀት ስለሚጠይቅ። መልሱ ይህ ነው። «ውድ» የሚለው «ወጪ»፣ «ሥልጠና» የሚለው «ዕውቀት» ሆኖ ተቀይሯል።

ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ የፓሴጁን ቃል ቀይሮ ሐሳቡን ይጠብቃል፤ የተሳሳተው ቃሉን ጠብቆ ሐሳቡን ይቀይራል። ስትታረሙ የሳታችሁት ምርጫ ተቃራኒ፣ ያልተባለ ወይስ የተጋነነ እንደነበር በስህተት ደብተራችሁ ጻፉ። ጥቂት ፓሴጆች ከሠራችሁ በኋላ የትኛው ዓይነት እናንተን እንደሚጥል በግልጽ ይታያችኋል።

«ዘይ» ወይም «ኢት» ማንን ያመለክታል የሚል ጥያቄ ሲመጣ ከእሱ በፊት ያሉትን ስሞች በቦታው እየተካችሁ አንብቡ፤ ትርጉም የሚሰጠው ስም መልሱ ነው። የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮችን አስተካክሉ ሲባልም በተውላጠ ስም ወይም እንደ «ዴርፎር» ባለ ማያያዣ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሊሆን አይችልም፤ እነዚህን አውጥታችሁ ከቀሩት መካከል መነሻውን ፈልጉ።

*ካልሆነላችሁ፦*

- ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየተረጎማችሁ ከሆነ፦ የእንግሊዝኛው ግስ መሐል፣ የእኛው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ዐረፍተ ነገሩ እጃችሁ ላይ ይበተናል። በሐረግ ከፋፍሉት፦ ማን / ምን አደረገ / ምንን / የት። ለአንድ ሳምንት በእርሳስ እየሰመራችሁ ሥሩ፤ ከዚያ እርሳሱን ተዉት።
- ጨርሳችሁ ምንም ካላስታወሳችሁ፦ ተራ ቁጥር 3ን ዘላችኋል። የጎን ማስታወሻው ግዴታ ነው።
- ያልታወቀ ቃል ላይ ከቆማችሁ፦ ጥያቄ ካልመጣበት እለፉት። ከመጣበት በደረጃ 4 ያለውን ዘዴ ተጠቀሙ።

ደረጃ 6፦ ሰዓት

ሰዓት ይዛችሁ መለማመድ የምትጀምሩት ከላይ ያለው ሁሉ ያለ ሰዓት ሲሳካላችሁ ነው። ቀድማችሁ ከቸኮላችሁ ስህተቱን በፍጥነት መሥራት ትለምዳላችሁ።

ደቂቃውን ለጥያቄው ብዛት አካፍሉ። ለምሳሌ 100 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ 72 ሰከንድ ይደርሳል። ግራመርና ቃላት በግማሽ ደቂቃ አካባቢ መሠራት አለባቸው፤ የተረፈው ለፓሴጆች ይሁን። ብዙ ተማሪ ፓሴጁ መጨረሻ ላይ ሆኖበት ሰዓት ያልቅበታል። እናንተ ከጅምሩ ፓሴጆቹ የት እንዳሉ ገልጣችሁ እዩ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደርሱባቸውም ወስኑ። አንድ ጥያቄ ላይ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ከቆማችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር ስለሚፈተኑ፣ እናንተም በዚያ መንገድ የምትፈተኑ ከሆነ ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት ፓሴጁን ከስክሪን ላይ አንብቡ። ስክሪን ላይ በእርሳስ መክበብ አይቻልም፤ የአንቀጹን ማስታወሻ በጭንቅላት መያዝን ተለማመዱ።

የሳምንቱ አከፋፈል

ሰኞና ረቡዕ ግራመር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ፓሴጅ፣ ዓርብ የስህተት ደብተሩን መከለስ፣ ቅዳሜ የተቀላቀለ ጥያቄ በሰዓት። ቃላትና የ20 ደቂቃው ንባብ በየቀኑ ናቸው። እሑድ ዕረፉ። መብራት ጠፍቶ ወይም ሥራ በዝቶ አንድ ቀን ካለፋችሁ በማግስቱ እጥፍ ለመሥራት አትሞክሩ፤ ከዕለቱ ፕሮግራም ቀጥሉ።

የመልስ ወረቀት

በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ በልምምድ ጊዜም አጥቁራችሁ ሥሩ። መልሱን መጀመሪያ በጥያቄው ላይ ክበቡ፣ ከዚያ አንድ ገጽ ሲያልቅ ወደ መልስ ወረቀቱ አዛውሩ። በየ10 ጥያቄው የጥያቄውን ቁጥር ከመልስ ወረቀቱ ቁጥር ጋር አመሳክሩ፤ አንዱን ዘላችሁ ስታልፉ የሚንሸራተተው እዚያ ላይ ነው።

ተንሸራትቶ ካገኛችሁት አትደንግጡ፣ ሁሉንም በአንዴም አታጥፉ። ከየት እንደጀመረ ፈልጉ፤ ከዚያ ጀምሮ አምስት አምስቱን እያጠፋችሁ፣ ጥያቄው ላይ የከበባችሁትን እያያችሁ እንደገና አጥቁሩ።